ንግድና ሦስቱ አደራዎች

(የመግቢያ ዜማ፦ ክራር ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

  

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። ፀሐይ ጠልቃ የመጨረሻው ገዥ ከተሸኘ በኋላ፣ አንዲት ባለ ሱቅ መሳቢያዋን ከፍታ የዕለቱን ገንዘብ ስትቈጥር፣ በእጅዋ ያለው ያ ብር ሁሉ የማን ነው? የእርስዋ ብቻ ነውን? ወይስ ሌላም ባለ ድርሻ አለበት?

(አጭር ዝምታ)

መልሱን ለጊዜው በልባችሁ አኑሩት፤ በዝግጅታችን መጨረሻ ያችን መሳቢያ አብረን እንከፍታታለን።

በትምህርት ቤት የንግድ ስልት፣ ግብይትና ግብር በሦስት መጻሕፍት ተከፍለው፣ በልዩ ልዩ መምህራን አንደበት፣ በተለያየ ሰዓት ስለሚሰጡ፣ ተማሪው ዝምድና የሌላቸው ሦስት ባዕዳን መስለው ቢታዩት አይፈረድበትም፤ በነጋዴው ቤት ግን ሦስቱም በዚያች በአንዲት መሳቢያ ውስጥ ይገናኛሉ። አንድ የሚያደርጋቸውንም ነገር ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ አክብሮ በያዘው በአንድ ቃል ልንጠራው እንችላለን፤ ይኸውም አደራ የሚለው ቃል ነው። አበው «የአደራ ጥብቅ፣ የሰማይ ሩቅ» ያሉት፣ ለሰው ልጅ ከሚሰጠው ክብር ሁሉ መታመን ከፍ ያለ መሆኑን ስላወቁ ነው።

እንግዲህ ይህን በቃላችሁ ያዙልኝ። ስልት ነጋዴው ለመነሻ ገንዘቡ ያለበት አደራ ነው፤ ግብይት ለገዥው ያለበት አደራ ነው፤ ግብር ለአገሩ ያለበት አደራ ነው። ልድገመው፦ ስልት ለገንዘብ፣ ግብይት ለገዥ፣ ግብር ለአገር።

(አጭር ዜማ)

ፊተኛው አደራ፦ ስልት

ስትራቴጂ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ የጦር አለቃ ከሚለው ስም የተገኘ ነው። እኛ በአማርኛ ስልት ብንለው አንሳሳትም። አስተዋይ የጦር አለቃ ሠራዊቱን በየተራራው በትኖ በሁሉም በር ልዋጋ እንደማይል፣ ይልቁንም ጠላቱ የሚመጣበትን፣ ውኃና ስንቅ የሚገኝበትን መርምሮ አንዱን በር አጥብቆ እንደሚይዝ፣ አስተዋይ ነጋዴም ያለውን ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ጊዜ የት እንደሚያውለው አስቀድሞ ይመርጣል። ስልት ማለት መምረጥ ነው፤ የመረጠም ሰው የሚተወውን ያውቃል።

በማቴዎስ ወንጌል በሃያ አምስተኛው ምዕራፍ የተነገረውን የመክሊት ምሳሌ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጌታው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለሦስቱ አገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት አደራ ሰጣቸው፤ ሁለቱ ነግደው እጥፍ ሲያተርፉ፣ ሦስተኛው ፈርቶ መሬት ቈፍሮ ቀበረው። ይህ ሰው ጌታው በተመለሰ ጊዜ የተወቀሰው አንድ ብር እንኳ ከስሮ አልነበረም፤ የተሰጠውን አንድ ስንኳ ሳያጐድል መልሶአል። የተወቀሰው ሳይሠራበት ስለ መለሰው ነው። ገንዘብን መቅበር አደራን እንደ ማጕደል ከተቈጠረ፣ ሳያሰሉ መበተንማ እንዴት ያለ በደል ይሆን?

አንድ ምሳሌ ላቅርብላችሁ። አንዲት ወጣት ትምህርትዋን ጨርሳ፣ እናትዋ በዕቁብ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ተቀብላ፣ ቡና ቈልታ ለመሸጥ ተነሣች እንበል። ዐሥር ኪሎ ጥሬ ቡና በ5,000 ብር ገዛች። «አንዱ ኪሎ የወጣበት 500 ብር ነው፤ ቈልቼ በ600 ብር ብሸጠው ከኪሎው መቶ መቶ ብር አተርፋለሁ» ብላ አሰበች። አድማጮቼ ሆይ፣ ይህ ሂሳብ ልክ ነውን?

(አጭር ዝምታ)

ልክ አይደለም። ምጣድ ጥዳ ቡና የቈላች እናት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ቡና ሲቈላ እርጥበቱ በእሳት ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመቶው ከ15 እስከ 20 እጅ ያህሉን ያጣል። እንግዲህ ዐሥሩ ኪሎ ከምጣድ ሲወርድ ስምንት ኪሎ ከሆነ፣ አንዱ ኪሎ የወጣበት 625 ብር ይሆናል። በ600 ብር ብትሸጠው ከእያንዳንዱ ኪሎ 25 ብር ትከስራለች፤ ያውም ከሰሉንና ከረጢቱን ሳንቈጥር። ይህች ልጅ ገዥ በበዛላት ቍጥር ኪሳራዋ ይበዛል፤ ደጃፍዋ በሰው ተሞልቶ ደስ እያላት ሳለ፣ እናትዋ ወር ከወር የጣሉት ዕቁብ ከምጣዱ ጋር ይተናል።

ይህን ተረድታ ሂሳብዋን ብታቃና ምን ታገኛለች? ለአንድ ኪሎ ቡናው 625 ብር፣ ከሰሉና ከረጢቱ 75 ብር፣ በጠቅላላው 700 ብር ወጣበት እንበል። በ850 ብር ብትሸጠው 150 ብር ይተርፋታል። ሰባት መቶው ብር፣ ሸቀጡ በበዛ ቍጥር የሚበዛ ወጪ ስለ ሆነ፣ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል። ሸጠች አልሸጠች የማይቀርባት የቤት ኪራይና የረዳትዋ ደመወዝ ደግሞ በወር 12,000 ብር ቢሆን፣ ይህ ቋሚ ወጪ ይባላል። ታዲያ ኪራዩንና ደመወዙን ለመሸፈን ስንት ኪሎ መሸጥ አለባት?

(አጭር ዝምታ)

አሥራ ሁለቱን ሺህ ለመቶ ሃምሳ ያካፈላችሁ፣ ሰማንያ ኪሎ ብላችሁ መልሳችኋል፤ ልክ ናችሁ። ይህ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ነጥብ ነው። እስከ ሰማንያኛው ኪሎ ድረስ ለቤቱ ባለቤትና ለረዳትዋ ትሠራለች፤ ከሰማንያ አንደኛው ጀምሮ ለራስዋ መሥራት ትጀምራለች። ይህችን ነጥብ ሳያውቅ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ የወንዙን ጥልቀት ሳይለካ የተሻገረ መንገደኛን ይመስላል።

(የገበያ ድምፅ፦ የተሸካሚ ጥሪ፣ የመኪና ጡሩምባ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አሁን ደግሞ በሐሳባችሁ ወደ አዲስ አበባ መርካቶ ተከተሉኝ። በሸማ ተራ ሸማው፣ በምናለሽ ተራ አሮጌው ዕቃና ከብረት ቍርጥራጭ የተሠራው መገልገያ፣ ሁሉም በየተራው ተለይቶ ይገኛል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ለምን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ? አንዱ የሌላውን ገዥ አይቀማውምን? ነገሩ ላዩን ሲታይ ሞኝነት ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ጥበብ አለበት። ገዥው ብዙ ምርጫ በአንድ ስፍራ እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ከሩቅ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ተራው ይመጣል፤ በጭር ሰፈር ብቻውን የተቀመጠው ባለ ሸማ ግን ተፎካካሪ ባይኖርበትም ገዥም አይኖርለትም። ስለዚህ በተራው ለተቀመጠው ነጋዴ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከጎረቤቶቼ በምን እለያለሁ?

ይህን ጥያቄ የመረመረው አሜሪካዊው ሊቅ ማይክል ፖርተር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ፉክክር ስልት ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት መንገዶችን ለይቶ አሳይቶአል። በሸማ ተራ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ ብለን እናስብ። አንደኛው ብዙ አንድ ጊዜ እየገዛ፣ ወጪውን እየቀነሰ፣ ከሁሉ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ይህ የዝቅተኛ ወጪ መንገድ ነው። ሁለተኛዋ ሌላው ዘንድ የማይገኝ የጥበብ ጥልፍ ታሠራለች፤ ገዥዋም ለዚያ ልዩ ሥራ ብዙ መክፈል አይከብደውም፤ ይህ የልዩነት መንገድ ነው። ሦስተኛው ሌላውን ሁሉ ትቶ ለሙሽሮች የሚሆን ልብስ ብቻ ይይዛል፤ ይህ በጠባብ ገበያ ላይ የማተኰር መንገድ ነው። ፖርተር አጥብቆ ያስጠነቀቀው ከሦስቱ አንዱንም ሳይመርጥ በመካከል የሚቀረውን ነው፤ ዋጋው ርካሽ፣ ሥራውም ልዩ ያልሆነ ነጋዴ፣ ገዥው ወደ እርሱ የሚመጣበትን ምክንያት ያጣልና።

(አጭር ዜማ)

ሁለተኛው አደራ፦ ግብይት

ብዙ ሰው ግብይትን ወይም ማርኬቲንግን ማስታወቂያ ማስነገር ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ማስታወቂያ ግን የግብይት አንድ ክፍል ነው። ግብይት የሚጀምረው ዕቃው ከመሠራቱ በፊት፣ ነጋዴው «ይህ ሰው ምን ቸገረው?» ብሎ በጠየቀባት ሰዓት ነው። ዕቃውን አስቀድሞ ሠርቶ ገዥ የሚፈልግ ሰው ልፋቱ ብዙ ነው፤ የገዥውን ፍላጎት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ዕቃው ገና ሳያልቅ ገዥው በደጅ ይቆመዋል።

ጄሮም ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ፣ የግብይትን ሥራ በአራት ነገሮች አጠቃልሎ አስቀምጦታል፤ እነርሱም ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ ናቸው። ልድገማቸው፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ፣ ማስተዋወቅ። እስቲ ወደ ቡና ቈላችዋ ልጃችን እንመለስና አራቱን በእርስዋ ሱቅ እንያቸው።

ምርትዋ ምንድን ነው? ቡና ነው ብትሉኝ ግማሹን መልሳችኋል። ጠዋት ሥራ ለመግባት የሚጣደፈው ሠራተኛ፣ ቡናውን ራሱ ለመቍላት ጊዜ የለውምና፣ ከእርስዋ የሚገዛው ጊዜን ጭምር ነው። ዋጋዋስ? ከወጪዋ በላይ፣ ገዥው ከሚያገኘው ጥቅም በታች ሊሆን ይገባዋል። ቦታዋ የት ይሁን? ሰው በሚያልፍበት መንገድ ወይስ ኪራዩ በሚረክስበት ጓሮ? ማስተዋወቋስ? ለዚህስ ተፈጥሮ ራሷ ረድታታለች፤ ቡና ሲቈላ ጢሱ ነጋሪት ሳይጐሰም ለሰፈሩ ሁሉ ያውጃል።

ነገር ግን የማስተዋወቅ ጥበብ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ከአገራችን ታሪክ ሁለት ምሳሌዎችን ልጨምርላችሁ።

የመጀመሪያው እነሆ። አገራችን የራስዋ የዘመን አቈጣጠር አላት፤ ዓመትዋም ጳጉሜን ጨምሮ ዐሥራ ሦስት ወር አለው። ለባዕድ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ቀጠሮ ያዛባበታል፣ ደብዳቤ ያሳስተዋል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው የሚጠሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይህንኑ ግራ የሚያጋባ ነገር አንሥተው፣ ኢትዮጵያን የዐሥራ ሦስት ወር ፀጋ አገር ብለው ለዓለም አስተዋወቁአት። አንዳች የፈጠሩት ነገር የለም፤ ወራቱም ፀጋውም ቀድሞውኑ ነበሩ። እርሳቸው ያደረጉት፣ ያለንን እውነት ሰሚው ሊረሳው በማይችል ቃል መናገር ነው። ደጉ ግብይት በእውነት ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ የስም ዋጋ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት በዩናይትድ ስቴትስ አመለከተ። ለምን ይመስላችኋል? የእነዚህ አካባቢዎች ቡና በባሕር ማዶ መደብሮች በውድ ዋጋ ሲሸጥ፣ ከዋጋው አንዱ ክፍል የሚከፈለው ለስሙ ዝና ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ለዘመናት በላቡ ያከበረው ገበሬ ግን የሚከፈለው ለጥሬው ፍሬ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ማመልከቻው በመጀመሪያ ከዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ቢገጥመውም፣ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ፈረመ። ተማሪዎቼ፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መልካም ስም በመዳሰስ የማይታወቅ፣ ነገር ግን በሚዛን ላይ የሚከብድ ሀብት መሆኑን ነው።

ስም የሚከብረው ግን በመታመን ነው። በበርበሬ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል፣ በማር ላይ ስኳር የሚጨምር፣ ሚዛኑን በጣቱ የሚደግፍ ነጋዴ፣ ለአንድ ቀን ትርፍ ብሎ የብዙ ዓመት ስሙን ይሸጣል። የሐሰት ሚዛን በመጽሐፍ ቅዱስም በቅዱስ ቍርኣንም የተወገዘው፣ ገዥው የማያየውን ነገር ለሻጩ ኅሊና ትቶለት ስለሚሄድ ነው። ይህ ነው ለገዥው ያለብን አደራ።

(ክራር ለጥቂት ጊዜ ይሰማል)

ወደ ሦስተኛው ክፍል ከመሻገራችን በፊት አንድ ታላቅ ሰው ላስታውሳችሁ። በዐድዋ ተወልደው፣ በአውሮፓ ተምረው፣ በድሬ ዳዋ የጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙ ለሌላው እንደሚተርፍ፣ ሀብትም ከዕውቀትና ከሥራ እንደሚገኝ አስረድተዋል። ጥሬውን ቡና ቈልታ የምትሸጠው ልጃችን፣ በትንሽዋ ምጣድ ላይ የምትሠራው ይህንኑ የነጋድራሱን ምክር ነው። ማዕረጋቸውንም ልብ በሉት፤ ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች ራስ ማለት ሲሆን፣ ባለ ማዕረጉ ነጋዴዎችን የሚያስተዳድር፣ ቀረጣቸውንም የሚሰበስብ ሹም ነበረ። አባቶቻችን ንግድንና ግብርን በአንድ ሰው ራስ ላይ ያኖሩት፣ ሁለቱ እንደማይለያዩ ስላወቁ ነው።

(አጭር ዜማ)

ሦስተኛው አደራ፦ ግብር

ግብር የሚለውን ቃል እስቲ እንመርምረው። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ ማለት ነውና፣ ግብር በመጀመሪያ ትርጕሙ ሥራ ነው። ሁለተኛም ሕዝብ ከሥራው ፍሬ ለመንግሥት የሚሰጠው ድርሻ ግብር ይባላል። ሦስተኛም ንጉሡ አዳራሽ አስጥሎ፣ ሠራዊቱንና ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያበላው ማዕድ ግብር ይባል ነበር። የሠራነው፣ የሰጠነውና ተመልሶ የቀረበልን በአንድ ስም መጠራታቸው እንዴት ያለ ትምህርት ነው! ሕዝቡ ግብር ያገባል፤ መንግሥትም ግብር ያበላል። ዛሬ አዳራሹ ትምህርት ቤቱ፣ ማዕዱም መንገዱ፣ የጤና ጣቢያውና የውኃ ቧንቧው ነው።

በጥንት ዘመን የግብሩ ልክ ሳይታወቅ ሕዝቡ እንዴት ይጨነቅ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ነጋዴው ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ገበሬውም ቤቱ የተመራበትን ወታደር መቀለብ ነበረበት። ዐፄ ምኒልክ አሥራት እንዲከፈል ባወጁ ጊዜ ካሰቡአቸው ነገሮች አንዱ፣ ወታደሩ በየገበሬው ቤት ገብቶ የሚቀለብበትን ልማድ ማስቀረት ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 60፣ በግለሰብና በንግድ ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር በሕግ ተወሰነ። ልኩ የታወቀ ሸክም ከባድ ቢሆን እንኳ ይቻላል፤ ልኩ ያልታወቀ ግን ቀላልም ቢሆን እንቅልፍ ይነሣል።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ስለ መንግሥታት ሀብት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፣ መልካም ግብር አራት ጠባያት እንዲኖሩት ይገባል ብሎአል። እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ይክፈል፤ ልኩና ጊዜው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ ለከፋዩ በሚመች ጊዜ ይጠየቅ፤ ለመሰብሰቢያው የሚወጣው ወጪም ጥቂት ይሁን። ሦስተኛውን ጠባይ ገበሬ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፤ ግብር በሐምሌ ረሀብ ሳይሆን እህሉ ከአውድማ በገባ ጊዜ ቢጠየቅ አይከፋውምና።

አሁን ደግሞ ሁለቱን የግብር ዓይነቶች ለዩልኝ። ቀጥተኛ የሚባለው ገቢውን ባገኘው ሰው ላይ የሚያርፈው ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ አሠሪው ቀንሶ የሚያስተላልፈውና ነጋዴው ከትርፉ የሚከፍለው ከዚህ ይመደባሉ። ቀጥተኛ ያልሆነው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ከገዥው የሚሰበሰበው ነው፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝ ታክስና የጉምሩክ ቀረጥ ከዚህ ይቈጠራሉ።

መዝገብ በሚይዝ ነጋዴ ዘንድ የትርፍ ግብር የሚታሰበው በሽያጩ ሁሉ ላይ ነውን? አይደለም። ከሽያጩ ላይ ለሥራው የወጣው ወጪ ተቀንሶ በሚቀረው ትርፍ ላይ ነው። በአገራችን ሕግ ኩባንያ ከትርፉ ከመቶ 30 ይከፍላል፤ መዝገብ የሚይዝ ግለሰብ ነጋዴ ግን ትርፉ ከፍ ባለ ቍጥር ከፍ በሚል መጣኝ ይከፍላል። እንግዲህ ቡና ቈላችዋ ልጃችን መዝገብ ከሚይዙት ወገን ሆና፣ የከሰሉን፣ የኪራዩንና የደመወዙን ማስረጃ በጥንቃቄ ካስቀመጠች፣ ግብርዋ በእውነተኛው ትርፍዋ ላይ ይታሰብላታል። መዝገብ ሊኖራት ሲገባ ካልያዘች ግን ግብር ሰብሳቢው ገቢዋን በግምት ሊወስን ግድ ይሆንበታል፤ የግምት ነገር ደግሞ አንዱን ሲያስከፋ ሌላውን የሚያስጠረጥር ነው። የሂሳብ መዝገብ የነጋዴው ምስክር ነው፤ በፍርድ ቀን ምስክሩን ያጣ ሰው እውነቱን ይዞ ይሸነፋል።

(አጭር ዝምታ)

የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ መደበኛ መጣኙ ከመቶ 15 ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ለዚሁ ታክስ የተመዘገበ አንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ በ1,000 ብር ሲገዛ 150 ብር ታክስ ጨምሮ ከፈለ። ሰፍቶ ልብሱን በ2,000 ብር ሲሸጥ ከገዥው 300 ብር ታክስ ተቀበለ። ከሦስት መቶው ላይ አስቀድሞ የከፈለውን መቶ ሃምሳ ቀንሶ፣ የቀረውን 150 ብር ለገቢዎች ቢሮ ያስገባል። ታክሱ የሚያርፈው ልብስ ሰፊው በእጁ ጥበብ በጨመረው በአንድ ሺህ ብሩ እሴት ላይ ነውና፣ ስሙም የተጨማሪ እሴት ታክስ ተባለ።

አሁን የምጠይቃችሁን በጥንቃቄ አድምጡ። ለገቢዎች ቢሮ የሚገባው ያ መቶ ሃምሳ ብር በልብስ ሰፊው መሳቢያ ባደረበት ሌሊት፣ የልብስ ሰፊው ሀብት ነበረን? አልነበረም። ገዥው ለአገሩ ብሎ በእርሱ እጅ ያኖረው አደራ ነበረ። ብዙ ነጋዴ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ክፋት በልቡ ሳይኖር የአደራውን ብር ከራሱ ብር ጋር ቀላቅሎ ዕቃ ይገዛበታል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስም የሚሰጠው እንጂ የተቀበለው አይታሰበውም።

ገዥውም አደራ አለበት። ደረሰኝ ሳይቀበል የሚሄድ ሰው፣ የከፈለው ታክስ ወደ ግምጃ ቤት ይግባ አይግባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ግብር ሰብሳቢውም አደራ አለበት፤ ማቴዎስ ሐዋርያ ሳይሆን በፊት ቀራጭ እንደ ነበረ እናውቃለንና፣ በቀረጥ መቀበያው ዘንድ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ወደ ጽድቅም ወደ በደልም የሚወስድ መንገድ በፊቱ አለ። መንግሥትም አደራ አለበት፤ ግብር ያስገባ ሕዝብ ግብሩን በማዕዱ ላይ ሊያየው ይገባል። አበው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ብለዋል፤ ይህ የሚሆነው ሃምሳዎቹ ሁሉ የየራሳቸውን ሎሚ ሲይዙ ነው። አንዱ ሎሚውን የጣለ እንደ ሆነ ጌጡ ለቀሪዎቹ ሸክም መሆን ይጀምራል።

(የመዝጊያ ዜማ ዝቅ ብሎ ይጀምራል)

እንግዲህ ቃል እንደ ገባሁላችሁ ያችን መሳቢያ እንክፈት። ቡና ቈላችዋ ልጃችን አንድ ኪሎ ሸጣ ያገኘችው 850 ብር በእጅዋ ላይ ነው። 625ቱን ለነገው ቡና ታስቀምጣለች፤ ይህ የእናትዋ ዕቁብ ነው። 75ቱ የከሰልና የከረጢት ነው። የቀረው 150፣ ሰማንያው ኪሎ እስኪሸጥ ድረስ የቤት ኪራይና የረዳትዋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ትርፍ ሲሆን፣ ከእርሱም ላይ የአገር ድርሻ ይወጣል። የእርስዋ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ነው፤ በዚያ ግን ማንም ሳይወቅሳት፣ እንቅልፍም ሳያጣት ደስ ሊላት ይገባል። እኔ ብመክራት እያንዳንዱን ድርሻ በየፖስታው ለይታ እንድታኖር እመክራታለሁ፤ የተለየ ገንዘብ ባለቤቱን አይረሳምና።

ለሚቀጥለው ሳምንት ይህን የቤት ሥራ ያዙ። በሰፈራችሁ ወዳለ አንድ ነጋዴ በትሕትና ቀርባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከጎረቤትዎ የሚለዩት በምንድን ነው? ገዥዎ ደጋግሞ የሚመጣው ለምንድን ነው? የዕለት ሂሳብዎን የሚጽፉት በምን ላይ ነው? የመጀመሪያው ስለ ስልት፣ ሁለተኛው ስለ ግብይት፣ ሦስተኛው ስለ ግብር ነው። የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። የነጋዴው መዝገብ ግን የሚጀምረው ዛሬ ማታ፣ ከመሳቢያው አጠገብ በሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። ወላጆቻችሁ ሱቅ ያላቸው ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የመጀመሪያውን መስመር ጻፉላቸው፤ የምትገዙም ሁሉ ደረሰኝ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ። አደራ!



(ዜማው ከፍ ብሎ ይሰማና ይፈጸማል)